እትዬ ዘሀራ ስፒከሩን የነቀሉበት ቀን

ጋሽ ተክሌ ስልክ ማውራት አይወዱም፤ ሲደውሉም ሰላምታ አያስቀድሙም። የዚያን ዕለት ከሥራ ልወጣ ዕቃዬን ስሰበስብ ደወሉና «ዘሀራ አረፈች» አሉኝ። ቀብሩ መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው ተፈጽሟል አሉኝ። ማለዳ አርፈው ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀብረዋል። ለጋሽ ተክሌም የተነገራቸው ዘግይቶ ነበር።

ከመሥሪያ ቤቴ ወጥቼ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ተያያዝኩት። የት እንደምሄድ አላሰብኩበትም። እግሬ ፒያሳን አቋርጦ የእሪ በከንቱን ቁልቁለት ሲጀምር ነው ወደ እትዬ ዘሀራ ቤት እየሄድኩ መሆኔ የገባኝ። ቤቱ የለም። ሰፈሩ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ዛሬ እዚያ ሣር ተተክሏል፣ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፣ ረጃጅም የመብራት ምሰሶዎች ቆመዋል። ክፍላቸው የነበረበትን ቦታ በግምት ፈልጌ ቆምኩ። አንዲት ወጣት ፎቶ ልትነሳ ፈልጋ ፈቀቅ እንድልላት ለመነችኝ። ፈቀቅ አልኩላት።

የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ከእትዬ ዘሀራ ጋር ያስተዋወቀንም ገጽ የምናዘጋጅበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። አንድ ቀን አልነሳ አለን። ያሳየናቸው ጠጋኞች ሁሉ ጣሉት አሉን፤ ውስጡ ያለው ሥራ ግን የሚጣል አልነበረም። አንድ ደንበኛችን «እሪ በከንቱ አንዲት ሴትዮ አሉ፤ የሞተ ያስነሳሉ» ሲለን ሳቅን። በማግስቱ ግን ኮምፒውተሩን አሸክሜ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ቤታቸው ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው የጭቃ ቤት ነበር። የፊተኛው ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ኮምፒውተር ነው፤ እንደ ዛሬዎቹ ቀጫጭን አይደሉም፤ ሆዳቸው የተነፋ፣ ነጭነታቸው እንደ ሽማግሌ ጥርስ የወየበ። በእያንዳንዳቸው ላይ አሮጌ አንሶላ ተጥሎባቸዋል። አቧራ እንዳይገባባቸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው ግን ሬሳ የተደረደረበት ክፍል ነው የሚመስለው። ተሸካሚው ዕቃውን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ አልገባም አለ።

እትዬ ዘሀራ ቀጭን፣ አጭር ሴት ነበሩ። ነጭ ሻሽ ያስራሉ፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከቀሚሳቸው በላይ ግራጫ ጋዋን ይደርባሉ። እኔን አላዩኝም፤ ያዩት ኮምፒውተሩን ነው።

«የማን ነበር?» አሉኝ።

የመሥሪያ ቤት መሆኑን ነገርኳቸው።

«መሥሪያ ቤት ጣት የለውም። ማን ነበር የሚጽፍበት?»

አቶ ግርማ የሚባል ሰው እንደነበር ነገርኳቸው። «አለ?» አሉ። አርፏል አልኳቸው። መዳፋቸውን የኮምፒውተሩ አናት ላይ አሳርፈው፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅሱ ሁሉ ዝግ ባለ ድምፅ «ግርማ» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ካቻቢቴያቸውን አንስተው ብሎኖቹን መፍታት የጀመሩት።

ለብዙ ዓመታት ያየሁት ሥራቸው በዚያች ዕለት ካየሁት ብዙም አይለይም። የዛገውን የካርድ እግር በላጲስ ይፈትጋሉ። ያበጠ ኮንደንሰር ካለ በካውያ አሙቀው ያነሳሉ። የሃርድ ዲስኩን ጤንነት ለማወቅ ደግሞ የካቻቢቴውን ጫፍ ዲስኩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መካኒኮችም ሞተር እንደዚህ ያዳምጣሉ። ነገር ግን መካኒክ ሲያዳምጥ ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። የእትዬ ዘሀራ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር።

ኮምፒውተሩ ያኑ ዕለት ተነሳ። አሮጌ ኮምፒውተር ባትሪው ስለሚሞት ሲነቃ ቀኑን አያውቅም፤ ጥንት የነበረ አንድ ቀን ይጽፋል። ቀኑን ላስተካክል እጄን ስዘረጋ ያዙኝ። «ተኝቶ ለነቃ ሰው መጀመሪያ ቀን አይነገረውም» አሉኝ። «ውሃ ነው የሚሰጠው። ቆይ፣ ይረጋጋ።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ሆነ ውሎዬ። ያለነው በአብዛኛው ሦስት ነበርን፤ እሳቸው፣ እኔና ጋሽ ተክሌ። ጋሽ ተክሌ ጡረታ የወጡ የመብራት ባለሙያ ናቸው፤ የኃይል ማከፋፈያውንና ሽቦውን የሚያዩት እሳቸው ናቸው፤ የአራዳ ልጅ ስለሆኑም ቀልድ አያልቅባቸውም። አንዳንዴ ሌሎችም ይመጣሉ፤ አሮጌ ፍሎፒ ያላቸው፣ ወይም የልጅነታቸውን ኮምፒውተር ያልጣሉ። ንግድ አልነበረም። ሥራ ፈት የሚሉን ነበሩ። ጋሽ ተክሌ «ሌላው ርግብ ያረባ የለ? እኛ ሬሳ እናረባለን» ይሏቸዋል።

እትዬ ዘሀራ ከወሎ የመጡት በልጅነታቸው ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒውተር ገና ክፍል ሙሉ በነበረበት ዘመን፣ ቁጥር የሚያስገቡ ልጃገረዶች ሲቀጥር ተቀጠሩ። ክፍሉ ለማሽኖቹ ሲባል እንዲቀዘቅዝ ይደረግ ስለነበር በበጋም ሹራብ ደርበው ይሠሩ ነበር። ከእጃቸው መቁጠሪያ የማይለይ ሴት ናቸው፤ ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ግን የብየዳ ስታኞ ጥቅልል አይጠፋም። አላገቡም። ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ወሬውን ይዘጉታል።

እፈራቸው ጀመር ብል ውሸት ይሆናል። ግን አንዳንድ ነገራቸው ከቤታቸው ወጥቼም ይከተለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቆራሌው ከፈረሰ ቤት ያገኘውን ኪቦርድ ይዞላቸው መጣ። የማን እንደነበር አያውቅም። እትዬ ዘሀራ ጭናቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ፊደሎቹ ሁሉ አዲስ ይመስላሉ፤ የማጥፊያው ቁልፍ ብቻ ተበልቶ ጎድጉዷል። ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጠው መታ መታ ሲያደርጉት የዳቦ ፍርፋሪና ብዙ ሽበት ረገፈ። «መናገር አቅቶት የሚጽፍ፣ የጻፈውም የማይሆንለት ሰው ነው» አሉ። ሽበቱን በወረቀት ጠቅልለው በረንዳው ላይ ባለው የጤናዳም ቆርቆሮ ውስጥ ቀበሩት። የሰው አካል አይጣልም አሉን።

ቆይቶ ኪቦርዱ ከተገኘበት ቤት ጎረቤት ጋር ተገናኘሁ። የቤቱ ባለቤት ምላሳቸው ተሳስሮ፣ ቃል ሳይወጣቸው ዓመታት የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ይህን ስነግራቸው እትዬ ዘሀራ አልተገረሙም። «እሱማ እዚያው ላይ ነበር» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ብዙነሽ የመጣችው ክረምት ሲገባ ነው። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች፤ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ልጅ ነበረቻት፣ ሰላማዊት የምትባል። ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ፣ መጀመሪያ ስትደውል ቆይታ፣ ከዚያ ዝም አለች። ዝምታው ከዓመት በልጧል። ልጅቷ የሬዲዮ ጋዜጠኛ መሆን ትመኝ ስለነበር አሮጌ ኮምፒውተሯ ላይ ማይክሮፎን ሰክታ የራሷን ድምፅ ትቀዳ ነበር። ብዙነሽ የፈለገችው ያንን ድምፅ መስማት ብቻ ነው።

«የማን ነበር?» አሏት እትዬ ዘሀራ እንደ ልማዳቸው።

«የሰላም። የልጄ።»

«አለች?»

«አለች» አለች ብዙነሽ። ትንሽ ቆይታ «እንጃ» አለች።

እትዬ ዘሀራ እጃቸውን አናቱ ላይ አሳርፈው ስሟን ጠሩ። ከዚያ ለብዙነሽ «አብሽሪ፣ እናየዋለን» አሏት።

ሃርድ ዲስኩ ክፉኛ ይንቋቋ ነበር። እትዬ ዘሀራ አውጥተው በጨርቅ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ አኖሩትና መጀመሪያ የቀረውን እናድን አሉ። ጋሽ ተክሌ የኃይል ማከፋፈያውን ቀየሩ፤ እሳቸው ያበጡትን ኮንደንሰሮች ለወጡ። ብዙነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች በሩ ላይ ትቆምና ጠይቃ ትሄዳለች።

ዝናብ ቆርቆሮውን የሚደበድብበት ቅዳሜ ነበር። ማዘርቦርዱ ነፍስ እንዳለው ለማየት ያለ ዲስክ ልናበራው ተዘጋጀን። ሲነሳ የሚያሰማትን ጢጥ የምትል ድምፅ ለመስማት ስፒከር ሰካንበት። ማብሪያውን ተጫንኩ። ጢጥ አለ። ስክሪኑም ዲስክ የለም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ጋሽ ተክሌ ደስ ብሏቸው እጃቸውን አፋተጉ።

ከዚያ ስፒከሩ ማጉረምረም ጀመረ፤ በጉርምርምታው ውስጥ ሰው ነበረ።

መጀመሪያ ከጎረቤት የሚመጣ መስሎኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ከስፒከሩ ነው። ሩቅ፣ ቀጭን የሴት ድምፅ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል፤ ፊደል ይቆጥራል። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ለ ሉ ሊ። የሕፃን ድምፅ አይደለም። ዜማም የለውም። እንደደከመው ሰው፣ አንድ በአንድ። «በ» ላይ ሲደርስ ቆመ። ጸጥ አለ። ቆይቶ እንደገና ከ«ሀ» ጀመረ።

ጋሽ ተክሌ ሬዲዮ ነው አሉ። የስፒከር ሽቦ አንዳንዴ እንደ አንቴና ሆኖ ሞገድ ይስባል፤ የትምህርት ፕሮግራም መሆን አለበት። ይህ እውነት ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ሽቦውን ጠመዘዙት፣ ከፍ ዝቅ አደረጉት። ሬዲዮ ቢሆን ድምፁ ይለወጥ ነበር። አልተለወጠም። «በ» ላይ ደርሶ ቆመ። እንደገና ከ«ሀ» ጀመረ።

ዘወር ስል ብዙነሽ በሩ ላይ ናት። ጃንጥላዋ ውሃ ያንጠባጥባል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ቀስ ብላ ደፉ ላይ ቁጭ አለችና «ሰላም ናት» አለች።

እትዬ ዘሀራ ፊታቸው ነጥቶ ነበር። ሁለት እርምጃ ተራመዱና ስፒከሩን ከሶኬቱ ነቀሉት።

«ሬዲዮ ነው፣ ብዙዬ» አሏት። «ሽቦው ሬዲዮ ይስባል። ልጅሽ አይደለችም።»

ብዙነሽ አልጮኸችም። እንዲመልሱት ብቻ ለመነቻቸው፤ ጉልበታቸውን ይዛ፣ አንዴ ብቻ ስትል። እትዬ ዘሀራ መለሱት። ጉርምርምታው መጣ። ሰው አልነበረበትም። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ አራታችንም ባዶውን ጉርምርምታ ስንሰማ ቆየን። ብዙነሽ ስትወጣ እትዬ ዘሀራን ያየቻቸውን አስተያየት አልረሳውም። ቁጣ አልነበረም። ልጇ ስታንኳኳ በሩን የዘጋባትን ሰው እንደምታይ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሃርድ ዲስኩ ለአንድ ጊዜ ተነሳ። እትዬ ዘሀራ ካቻቢቴያቸውን ጆሯቸው ላይ እንደደገኑ፣ እኔ የድምፅ ፋይሎቹን በጥድፊያ ገለበጥኩ። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ዳግም አልዞረም። ሰላማዊት ዜና ታነባለች፤ ትሳሳትና ትስቃለች፤ ከሌላ ክፍል እናቷ ስትጠራት ይሰማል። ድምፁ ያው ነው። ስፒከሩ ላይ የሰማነው፣ ያለ ድካሙ። ሁሉንም ፋይል ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳመጥን። ፊደል የቆጠረችበት አንድም ቦታ የለም።

ያን ሰሞን ከጋሽ ተክሌ ጋር ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ ሳምንቱን ሙሉ ሬዲዮናቸውን ይዘው ጣቢያ ሲፈልጉ መክረማቸውን ነገሩኝ። እንደዚያ ያለ ፕሮግራም አላገኙም። ይህን የነገሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ቀልድም አልጨመሩበትም።

መርዶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከቤይሩት የተመለሰች አንዲት ልጅ ሰላማዊት ከፎቅ ወድቃ መሞቷን ሰማሁ ብላ ለብዙነሽ ወንድም ነግራው ኖሯል። ወንድሟ ሽማግሌዎች ይዞ ጎሕ ሲቀድ በሯን አንኳኳ። ብዙነሽ ግን አላለቀስም አለች። ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም፤ ድንኳን አስተክላለሁ ያለውን ከለከለች። ምክንያቷን ስትጠየቅ «ሰምቻታለሁ» ብቻ አለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ከአንድ ሽማግሌ ጋር እትዬ ዘሀራ ቤት መጣ። ብዙነሽም ተከትላው መጣች። ኃይለ ቃል አልተናገረም፤ ሐዘን የጎዳው ጨዋ ሰው ነበር። እህቱ አእምሮዋን እንዳትስት መፍራቱን ገለጸ። የሰማችው ሬዲዮ መሆኑን እንዲነግሯት፣ አልቅሳ ይውጣላት ዘንድ እንዲረዷት እትዬ ዘሀራን ለመናቸው።

እትዬ ዘሀራ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ቆዩ። ሬዲዮ ነው ብለው አስቀድመው ነግረዋት የለም? ያንኑ ቢደግሙት ሁሉም ያልቅ ነበር።

«ሬሳውን ያየ ሰው አለ?» አሉ።

የለም አለ ወንድሟ።

ወደ ብዙነሽ ዞሩ። «እርምሽን አታውጪ» አሏት።

ሽማግሌው ተቆጡ። «ይቺ ሴት ዕድሜ ልኳን ደጅ ደጁን ስታይ ብትኖር ማን ይጠየቃል?»

«እኔ» አሉ እትዬ ዘሀራ።

ሰፈሩ ይህን ይቅር አላላቸውም። አንዳንዱ ጠንቋይ አላቸው፤ አንዳንዱ የሰው ሐዘን ቀሙ አለ። ፍሎፒያቸውን ይዘው ይመጡ የነበሩ ሰዎች ቀሩ። እኔም በልቤ ስህተት መስሎኝ ነበር። ብዙነሽ ሱቋን ከፍታ፣ ሐዘንም ደስታም ሳይኖራት፣ ስትሰፋ ትውላለች። እትዬ ዘሀራ ደግሞ ከሱ። ቅዳሜ ስንመጣ የሰላማዊት ኮምፒውተር፣ ያለ ዲስክ፣ ስፒከሩ እንደተሰካ በርቶ እናገኘዋለን። አንሶላ አልጣሉበትም። ምንም አልተሰማም።

ሰላማዊት የመጣችው በቀጣዩ ዓመት ነው። የተዘጋባት ቤት ጎረቤት የሆነ ሰው ድምፅ ሰምቶ ለፖሊስ ነግሮላት ነው የወጣችው። በመጣች በሳምንቱ እናቷ ወደ እኛ ይዛት መጣች። በጣም ቀጥና ነበር። ጋሽ ተክሌ የቁልፍ እስራቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲጥሉት ከወንበሯ ተነሳች። እትዬ ዘሀራ ውሃ ቀድተው ሰጧትና እስክትጠጣ ጠበቁ። ስለ ስቃይዋ አልጠየቋትም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቋት።

«ብቻሽን ስትሆኚ ምን ትይ ነበር?»

ሰላማዊት ወደ እናቷ አየች። ያፈረች ትመስል ነበር። አማርኛ የሚያናግራት ሰው ስላልነበረ ቋንቋው እንዳይጠፋባት ፈርታ ፊደል ትቆጥር እንደነበር ነገረችን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። ጮክ ብላ ካላለችው የምታስበው እንጂ የምትናገረው አይመስላትም።

«ግን ጨርሼው አላውቅም» አለች። «ሁልጊዜ ‹ተ› ልል ስል ቁልፍ ሲንቋቋ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ዝም እላለሁ። ከዚያ ከ‹ሀ› እጀምራለሁ።»

ጋሽ ተክሌ የያዙትን ፒንሳ አስቀምጠው ወደ በረንዳው ወጡ። ብዙነሽ መሬት መሬት ታያለች። እትዬ ዘሀራ የሰማነውን ለልጅቷ አልነገሯትም፤ እኛም አልነገርናትም። ብርጭቆውን ተቀብለው «አልሃምዱሊላህ» አሉና ውሃ ደግመው ቀዱላት።

ሰው የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ደስ ይላቸዋል ብሎ ነው። አልሆነም። ቤቱ ውስጥ የነበረውን ስፒከር ሁሉ ሰብስበው ለቆራሌው ሰጡ። ኮምፒውተሮቹን መጠገኑን አልተዉም፤ ድምፅ ያለው ነገር ግን አያስጠጉም። ምክንያቱን አልጠየቅናቸውም።

ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ኮምፒውተሮቹን ተከፋፈልናቸው፤ እሳቸው ጥቂቱን ብቻ ይዘው ሄዱ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ አልፎ አልፎ ነበር የምጠይቃቸው። ለመጨረሻ ጊዜ ስሄድ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የአንድ ኪቦርድ ቁልፎችን በጥጥ እያጸዱ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ማጽዳት ጀመርኩ። ስለ ብዙነሽ ስናነሳ፣ ያን ቀን ሬዲዮ ነው ያሏት እውነት ሬዲዮ መስሏቸው እንደነበር ጠየቅኳቸው።

«አይደለም» አሉኝ። «ሰው መሆኑን አውቄ ነው የነቀልኩት። ፈርቼ ነው። አንዴ ሰምቼ አውቃለሁ።»

ከዚያ ወንድም እንደነበራቸው ነገሩኝ። ያን ያህል ዓመት ስንቀራረብ ስሙን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ይማም ይባላል። በደርግ ጊዜ ከመንገድ ተይዞ የት እንደገባ ጠፋ። እሳቸው ያኔ ወጣት ነበሩ፤ በቀዝቃዛው የማሽን ክፍል ውስጥ ነበር የሚሠሩት። አንድ ቀን ትልቁ ማተሚያ ሲንጫጫ በጫጫታው ውስጥ አንድ ሰው ስማቸውን ጠራ። የይማም ድምፅ ነው። ጎናቸው ያሉት ልጆች አልሰሙም። በማግስቱም ጠራቸው፤ ብዙ ቀን ጠራቸው።

«እናቴ ስታሳድገኝ፣ የጠራሽን ሰው ዓይኑን ሳታዪ አቤት አትበይ ትለኝ ነበር» አሉ። «ሙት ነው፣ ይወስድሻል ትለኝ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ሞቷል ማለት ነው አልኩ። ቤት ሄጄ እንዲለቀስለት ያደረግሁት እኔ ነኝ። አባቴ ሊፈልገው መንገድ ጀምሮ ነበር፤ ተመለሰ።»

መንግሥት ሲለወጥ አንድ ሰው ቤታቸው ድረስ መጣ። ከይማም ጋር ታስሮ የነበረ ነው። ይማም ከተለቀሰለት በኋላ ረጅም ጊዜ በሕይወት ነበር። ሩቅ ቦታ፣ ጠያቂ ሳይኖረው፣ ትኩሳት ሲይዘው አንድ ስም ይጠራ ነበር። ሰውዬው ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የመጣው ለማወቅ ፈልጎ ነው።

«ዘሀራ ማናት? አለኝ» አሉ እትዬ ዘሀራ። «እኔ ነኝ አልኩት።»

የጸዱትን ቁልፎች ወደ ቦታቸው መለስን። ስወጣ እስከ ደረጃው ሸኝተውኝ ለጋሽ ተክሌ ሰላምታ አድርስልኝ አሉኝ።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ከጋሽ ተክሌ ጋር ለማስተዛዘን ሄድን። ብዙነሽና ሰላማዊት ከእኛ ቀድመው መጥተው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። ስንወጣ ከእትዬ ዘሀራ በር ፊት ለፊት የምትኖር ወጣት ሴት ኮሪደሩ ላይ አገኘችን። አሟሟታቸውን የነገረችን እሷ ናት፤ ቀላል ነበር፤ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያረፉት። አንድ ነገር ግን ከንክኗት ነበር። መጨረሻ ሰሞን በራቸውን ቀኑን ሙሉ ክፍት አድርገው ነበር የሚውሉት፤ ዝናብ ሲዘንብም፣ ነፋስ ሲነፍስም። ብርድ ይመታዎታል፣ ልዝጋልዎት ስትላቸው እሺ አይሏትም።

«ሲጠራኝ እንድሰማ ነው አሉኝ» አለችን። «ማን እንደሚጠራቸው ስጠይቃቸው ወንድሜ አሉኝ። ግን እኮ እዚህ ከመጡ ጀምሮ ወንድም ነኝ ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም። ወንድም ነበራቸው እንዴ?»

ጋሽ ተክሌ ደረጃውን መውረድ ጀምረው ነበር፤ ቆሙ። ስለ ይማም የነገሩት ለእኔ ብቻ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት።

«ነበራቸው» አልኳት።